ብቻውን የመጣን ሰው ምን ያደርጉታል?

አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት። ቀኑ አርብ ነው፤ ገበያው መሳሳት ጀምሯል፤ ድንችና ገብስ የተረፈው ጆንያውን እያሰረ ነው። ቡና በሚፈላበት አንድ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ይጨዋወታሉ። አንዷ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የዓመት ፈቃዷ ሊቃጠልባት ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ መሪጌታ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሦስተኛዋ ቡናውን የምታፈላው ሴት ናት፤ በረንዳውን የከፈተችው ከጅዳ ተመልሳ ነው። ጸሐፊው ጥግ ይዞ ይሰማል፤ አፉን መያዝ ሲያቅተው በቅንፍ ይገባል።

ነርሷ፦ የኔታ፣ እስቲ ይምከሩኝ። ፈቃድ ልወስድ ነው። ብቻዬን ሩቅ ቦታ መሄድ አምሮኛል፤ የት ልሂድ?

የኔታ፦ ማን ታሞብሽ ነው?

ነርሷ፦ ኧረ ማንም አልታመመም።

የኔታ፦ እንግዲያ ስእለት አለብሽ።

ነርሷ፦ ስእለትም የለብኝም። ለማረፍ ነው። አገር ለማየት።

ባለቡናዋ፦ ማንም አያምንሽ። ከዚህ አንዲት ሴት ሻንጣ አንጠልጥላ ብቻዋን ከተሳፈረች፣ ወይ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ወይ ከባሏ ተጣልታለች፣ ወይ የሚጠብቃት ሰው አለ።

(ባለቡናዋ አላጋነነችም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሰው ሲወጣ ምክንያት ይዞ ነው የሚወጣው። ጎልማሳው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ የታመመ ጠበል ይሄዳል፤ ተማሪው መምህር ፍለጋ ይዞራል፤ ልጅ እግሯ ሴት ሥራ ፍለጋ ባሕር ትሻገራለች። ድርቅ ሲበረታ ደግሞ ቤተሰብ ነቅሎ የሄደበት ዘመን አለ። እነዚህን ሁሉ አገሬው ስም ሰጥቶ፣ መርቆ ወይም አልቅሶ ይሸኛቸዋል። “ደክሞኛል፣ ብቻዬን ዞር ዞር ልበል” ላለ ሰው ግን የሚባልለት ነገር ገና አልተገኘም።)

የኔታ፦ ብቻሽን መሄድሽስ አልገረመኝም። የቆሎ ተማሪን ማን አጅቦት ይሄዳል? ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ውልቅ ነው። እኔ ድጓዬን እዚሁ ጋይንት ቤተልሔም ተማርኩ፤ ለቅኔው ግን ዓባይን ተሻግሬ ጎጃም ነው የከረምኩት። የገረመኝ አጠያየቅሽ ነው። እኛ መንገድ ስንጀምር ወሬውን ጨርሰን ነበር።

ነርሷ፦ የምን ወሬ?

የኔታ፦ የአገሩን ነዋ! ከጎንጅ ወይም ከዋሸራ የመጣ ተማሪ ካገኘን ከበን እናዋክበዋለን። መምህሩ ይታገሣል ወይ? አገሩ እህል ይሰጣል፣ ወይስ “እግዜር ይስጥህ” ብሎ በሩን ይዘጋል? ውሻውስ እንዴት ነው? ውሻው ሳይጠየቅ የሚኬድበት አገር አልነበረም። ተራራው ያምራል ወይ ብሎ የጠየቀ ጓደኛ ግን ትዝ አይለኝም።

ባለቡናዋ፦ (እየሳቀች) ውሻውንስ መጠየቅ ነው!

የኔታ፦ አትሳቂ። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ጥያቄው እሱ ነው፤ ብቻውን የመጣን ሰው እዚያ አገር ምን ያደርጉታል? ከጓደኛው ጋር የሄደ ሰው፣ አገሬው ቢኮሳተርበት ከጓደኛው ጋር ተሳስቆ ይመለሳል። ብቻሽን ስትሆኚ ግን ሌላ ሰው የለሽም፤ የአገሩ ሰው ፊት ካልቀናሽ ፏፏቴው ቢያምር፣ ግንቡ ቢያምር ሦስት ቀን አትቆይም።

ነርሷ፦ እኔ እኮ ማንም እንዳያናግረኝ ነው የምሄደው። እውነቴን ነው፣ የኔታ። እዚህ ቲማቲም ልገዛ ስወጣ አንዷ የልጇን የክትባት ቀን ትጠይቀኛለች፤ አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ቁስሉን ያሳየኛል። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በር ይንኳኳል። ጠልቼው አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ግን ለጥቂት ቀን “ሲስተር” የማይለኝ ሰው መሀል ልቀመጥ።

የኔታ፦ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ።

ነርሷ፦ ቁርበቱ ይቅርብኝ። አለማወቃቸው ይበቃኛል።

ባለቡናዋ፦ የማያውቁሽ አገርማ እኔ ኖሬበታለሁ። ጅዳ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ባሕሩን ያየሁት ግን ስሄድና ስመለስ፣ በአውሮፕላን መስኮት ነው። ፓስፖርቴ የአሠሪዬ መሳቢያ ውስጥ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ። ሩቅ መሄድ በኪሎ ሜትር ከሆነ እዚህ ከተማ የሚስተካከለኝ ጥቂት ነው፤ ምን አየሽ ብትይኝ ግን የምነግርሽ ስለ ምንጣፍ አጠባ ነው። እኔን ካማከርሽኝ፣ በገዛ እግርሽ ወጥተሽ፣ ሲሰለችሽ የምትመለሺበት ክፍል ቁልፍ ኪስሽ ውስጥ ሊሆን ይገባል። እሱ የሌለበት ሩቅ ይቅርብሽ።

(የኔታም ባለቡናዋም በሕይወታቸው ጎብኚ ሆነው አያውቁም። ሆኖም ስለ ብቻ ጉዞ ከሚታተሙት በራሪ ወረቀቶች ይልቅ እነዚህን ሁለት መመዘኛዎች አምናለሁ፤ የአገሬው አቀባበልና የራስ ቁልፍ። ፎቶው፣ የአየሩ ጠባይ፣ የሆቴሉ ኮከብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የኔታ ሳይናገሩት ያለፉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጋይንት ራሱ ለሌላው ሰው ሩቅ አገር ነው። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ስለሆነ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከወሎ ተማሪ ብቻውን እየተጓዘ መጥቶ ዓመታት ይቀመጣል፤ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ዜማውን አስመስክሮ ነው የሚወጣው። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገም ዙር አባን ብሎ ይመጣል። ለነዚህ ሰዎች ይህ ደጋ የምርጫቸው መዳረሻ ነው። ከዚያም የባሰ ሩቅ የሄደ የአገራችን ሰው አለ። ያኔ አማራ ከሚባለው፣ ከዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ ሮም ደርሰው ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ሊቅ ጋር በ1649 እ.ኤ.አ. ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ እስከ ጀርመን፣ ጎታ ቤተ መንግሥት ድረስ ሄዱ። እዚያ ምን ሊያዩ? ጎታ ላይ ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው ሊጠይቃቸው የጓጓ ሰው ነበረ፤ ለዚህ ነው የሄዱት።)

የኔታ፦ ለመሆኑ አንቺስ የት የት አሰብሽ?

ነርሷ፦ መጀመሪያ ዛንዚባርን ነበር። ቲክቶክ ላይ አይቼ።

ባለቡናዋ፦ የሙሽሮች አገር አይደል? ሁሉም ጥንድ ጥንዱን ይዞ ተቀምጦ፣ አንቺ መሀላቸው እንደ ተረሳ ዕቃ!

ነርሷ፦ ይኸው አንቺም አልሽው። ሞምባሳንም አስቤ ነበር፤ ኬንያ ለኛ ቪዛ አትጠይቅም። ግን ፓስፖርት የለኝም፤ እስኪወጣልኝ ፈቃዴ ያልቃል። ስለዚህ አገር ውስጥ ነው።

የኔታ፦ አገር ውስጥ ሩቅ አለ እንዴ?

ነርሷ፦ ምነው የኔታ! ነፋስ መውጫ ወጥቼ፣ ደብረ ታቦርን አልፌ፣ በወረታ ዞሬ ባሕር ዳር እስክደርስ እንኳ ግማሽ ፈቃዴ ያለቀ ነው የሚመስለኝ። እሱም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

(“መንገዱ ክፍት ከሆነ” የሚለውን ሁሉም ሰምተው ዝም አሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የሰው ጉዞ የሚወሰነው በሰላሙ ሁኔታ ነው፤ ሹፌር ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ስልክ ደውሎ መንገዱን ይጠይቃል። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ፣ የዚህ ሁሉ አገር መውጫና መግቢያ፣ አንድ ቀን ሲዘጋ ነጋዴውም በሽተኛውም ባለበት ይቀራል። ስለ ዕረፍት ስናወራ ይህን መዝለል ሐቀኛነት አይሆንም። ወደ ምልልሱ እንመለስ።)

የኔታ፦ ታዲያ እዚሁ ቅርብ ጨጨሆ መድኃኔ ዓለም ብትከርሚስ? ጠበሉም አየሩም…

ነርሷ፦ ጠበል ቦታ ነርስ መሆኔ በታወቀ በማግስቱ ተራ አስይዤ ሳክም ነው የምከርመው።

ባለቡናዋ፦ እውነቷን ነው።

ነርሷ፦ ባሌ ተራሮችን የጠቆመኝም አለ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ሰነቴ የሚባለው ሜዳ ውብ ነው አሉኝ።

የኔታ፦ ምን አለው?

ነርሷ፦ ብርድ፣ ጓሳ፣ ጅባራ…

የኔታ፦ ጉና ምን በደለሽ?

(ይህን ተከራክሮ የሚረታ የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ጎኑ ቆሞ ሌሊቱን ሲያንዘፈዝፈው ላደገ ሰው፣ ብርድ ፍለጋ ባሌ ድረስ ሂድ ማለት ይከብዳል። ቀይ ቀበሮውን ለማየት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ነርሷ ግን ስለ ቀበሮ አላነሣችም።)

ነርሷ፦ ዳሎልን ግን ከልቤ አስቤው ነበር። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ መሬት፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ጨው ጭነው የሚሄዱት ግመሎች። ጠየቅሁ። በአስጎብኚ ድርጅት ነው የምትሄጂው አሉኝ፤ መኪናዎቹ ተከታትለው፣ መሪ ተይዞ፣ ጥበቃ ተጨምሮ።

ባለቡናዋ፦ ታዲያ እዚያ ውስጥ ብቻሽን የምትሆኚው መቼ ነው?

ነርሷ፦ እኔም እሱን አልኩ። ከማላውቃቸው ስድስት ሰዎች ጋር በአንድ መኪና መታሸግ ነው። ቦታው አስደናቂ ነው፣ ለብቻ ሰው ግን አይሆንም። ወደ ጂንካ፣ ወደ ኦሞ የሚኬደውም እንደዚያው ነው፤ መኪና ካልተከራየሽ መንደር ለመንደር መድረስ አይቻልም። ሰው ፊት ካሜራ ደቅኜ በየፎቶው ስከፍል ራሴን ሳስበው ደግሞ አልወደድኩትም። የሰው ገላ በየቀኑ አያለሁ፤ ለዕረፍት ሄጄም ያንኑ?

የኔታ፦ እንግዲያ ቀረሽ በይኛ።

ነርሷ፦ አንድ አለች። ሐረር።

የኔታ፦ ሐረር! እሷስ ሩቅ ናት።

ነርሷ፦ ኮሌጅ አብራኝ የተማረች አዋላጅ ከዚያ ነበረች። የከተማው ግንብ ጁገል ይባላል፤ አሚር ኑር ነው ያሠራው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን። አምስት የጥንት በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፋላና በር። ግንቡ ውስጥ ያለው መሬት አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መተላለፊያው ግን ከ300 በላይ ነው ይላሉ። መኪና የማይገባበት፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፍበት። ትጠፊያለሽ፤ ግን ዞሮ ዞሮ ግንቡ ይመልስሻል፤ ከአንዱ በር ትወጫለሽ።

የኔታ፦ ይህ ጥሩ ነው። ጠፍተሽ የማትጠፊበት።

ነርሷ፦ ቤታቸው ደግሞ! ስትገቢ ሳሎኑ ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፤ ወለሉ ቀይ ተቀብቷል፤ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ጓደኛዬ መጀመሪያ የነገረችኝ ምን መሰለዎት? እንደ ገባሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ ነው። መደቡ ሁሉ ባለቤት አለው፤ አባወራው የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚቀመጥበት። እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያሳዩታል።

የኔታ፦ (ስኒያቸውን አስቀምጠው) እንዲህ ያለ አገር ሰው መቀበል ያውቃል። ለእንግዳ ቦታ ያልለየ ቤት እንግዳ ሲመጣበት ይደናገጣል።

ባለቡናዋ፦ ማደሪያውስ? ነገሩ እሱ ላይ ነው።

ነርሷ፦ ከነዚያ ከጥንቶቹ ቤቶች ክፍል የሚያከራዩ አሉ። ባለቤቶቹ እዚያው ይኖራሉ፤ ቁርስ ከነሱ ነው።

ባለቡናዋ፦ ቤቱን የምታዘው ሴት ከሆነች ተስማምቶኛል። ቁልፉ ካንቺ፣ ሲመሽ ደግሞ “ያቺ ልጅ አልገባችም” የሚል ሰው አለ። እኔ ያጣሁት ሁለቱንም ነው።

(እዚህ ላይ ታሪክ ጣልቃ ልግባ ይላል። ሐረር ዛሬ እንግዳ ስታስገባ የኖረች ትመስላለች፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ጥር ወር እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሲገባባት ግን ለአውሮፓዊ የተዘጋች ከተማ ነበረች። አሥር ቀን ተቀመጠ፤ ያስጨነቀው የከተማይቱ ውበት ሳይሆን አሚሩ ያሰናብተኝ ይሆን አያሰናብተኝ የሚለው ሥጋት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ቡናና ቆዳ ሊነግድ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠባት። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ ጁገልን መዘገበው። ያው ከተማ፣ ያው ግንብ፤ ለብቻ ሰው የሚሰጠው መልስ ግን እየተለወጠ መጣ። የኔታ መንገድ ላይ ያገኙትን ተማሪ ሁሉ አዲስ ወሬ ይጠይቁ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል፤ የአምናው ወሬ ለዘንድሮ መንገደኛ አይሆነውም።)

የኔታ፦ ቤተ ክርስቲያንስ?

ነርሷ፦ ግንቡ ውስጥ ፈረስ መጋላ መድኃኔ ዓለም አለ። መስጊዱ ግን በየማዕዘኑ ነው። ደግሞ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ያበላሉ፤ በእጃቸው፣ አንዳንዴም እንጨት በአፋቸው ይዘው።

የኔታ፦ ጅብ?

ነርሷ፦ ጅብ። በስም እየጠሩ።

የኔታ፦ ቁርበትም አንጥፈውለታል በይኛ! (ሁሉም ሳቁ)

ባለቡናዋ፦ እንዴት ነው የምትደርሺው?

ነርሷ፦ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን። ከዚያ በባቡር ድሬ ዳዋ፤ በየቀኑ ስለማይኖር ቀኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ባቡሩ ሐረር አይወጣም፤ የድሮውም አልወጣም፤ ተራራው ከብዷቸው ከታች አለፉና ድሬ ዳዋ የተቆረቆረችው ያኔ ነው፣ በ1902 እ.ኤ.አ.። ከድሬ ሐረር በሚኒባስ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው።

ባለቡናዋ፦ ድሬ ዳዋ ከመሸ ከደረስሽ እዚያው እደሪ። በማታውቂው ከተማ በጨለማ አትግቢ። የመጀመሪያውን ሌሊት ማደሪያ ከዚሁ ደውለሽ ያዢ፤ የቀረውን እዚያ ሆነሽ ታይዋለሽ። ቴሌብር አለ ብለሽ እጅሽን አታራግፊ፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ጥሬ ገንዘብ ሁለት ቦታ ከፍለሽ ያዢ። የት እንዳለሽ አንድ ሰው ብቻ ይወቅ። ሁሉም ካወቀ ይደውልልሻል፤ ማንም ካላወቀ ደግሞ አያምርም።

የኔታ፦ ምግቡስ? ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።

ነርሷ፦ በዚህስ እኔም አፍራለሁ። አንድ ትሪ ብቻዬን ፊቴ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ሲያየኝ…

ባለቡናዋ፦ የመጀመሪያው ቀን ነው። ሻይ ቤት፣ ጁስ ቤት ግቢ፤ እዚያ ብቻውን የሚቀመጥ አይታይም። ሁለተኛው ቀን አስተናጋጇ ታውቅሻለች።

ነርሷ፦ አይ፣ ልትታወቂ ነው በይኛ!

የኔታ፦ ተይ እንጂ፣ “ሲስተር” ብላ አይደለም እኮ የምታውቅሽ። ስኳር እንደምታበዢ ነው የምታውቀው። ይኼ ደግሞ አያደክምም።

ነርሷ፦ (ጥቂት አሰብ አድርጋ) እሱስ አያደክምም።

የኔታ፦ እንግዲያስ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ቁርኣን የሚማሩት ልጆች በዜማ ነው የሚያጠኑት ወይስ በንባብ? ቃል በቃል ይዘው ነው ወይስ…

ነርሷ፦ የኔታ! መልእክት ከያዝኩማ ሥራ ሄድኩ ማለት ነው። ዕረፍት ነው ያልኩት።

የኔታ፦ ተውኩት፣ ተውኩት።

ባለቡናዋ፦ የኔን ግን አትተዪውም። ግንቡ ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ አላልሽም፣ መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት?

ነርሷ፦ ማኪና ግርግር። አላልኩም፤ አንቺ ከየት ሰማሽ?

ባለቡናዋ፦ ጅዳ አብራኝ የነበረች የሐረር ልጅ ናት የነገረችኝ። ቀሚስ አሰፊልኝ። ጨርቁን ራስሽ ምረጪ።

ነርሷ፦ ኧረ በፈጣሪ፣ አሁን ምን አልኩ?

ባለቡናዋ፦ ስሚኝማ። ብቻሽን ስትሆኚ የምትቀመጪበት ምክንያት ይጠፋሻል። ዝም ብለሽ በር ላይ ከቆምሽ ሰው ምን ፈለገች ይላል። ልብስ ሰፊው ዘንድ ግን በርጩማ ይሰጡሻል፤ እስኪጨርስ ቁጭ ብለሽ የሚያልፈውን ታያለሽ፤ ካሻሽ ታወሪያለሽ፣ ካላሻሽ ዝም ትያለሽ። ማንም ምንም አይልሽ። ለኔ ብዬ ብቻ መሰለሽ?

የኔታ፦ ይቺ ሴት ጎጃም ብትወርድ ቅኔ ትቀኝ ነበር።

ነርሷ፦ እሺ፣ ልክሽን ንገሪኝ።

ባለቡናዋ፦ ቁመቱ እንዳንቺ ይሁን። ወገቡን ግን ሰፋ አድርጊው፤ ከተመለስኩ ወዲህ ሰውነት አውጥቻለሁ።